ንጉሥ ሚካኤል፣ ፈረሱና የወል መንገዱ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ያውቀዋል። ርቀቱ ከሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከፊት የቆመ ነገር ካለ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንድ ቀን በዚሁ ዳገት ላይ ስንጓዝ መኪናዎች ተሰልፈው ቆሙ። አደጋ ደርሶ መስሎን ወረድን። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። አንድ አዛውንት እህል የጫነ ፈረስ እየሳቡ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይወጣሉ። ፈረሱ በጡሩምባው ደንብሮ መሀል መንገድ ገብቶ ቆሟል። ሾፌሩ ይሳደባል፤ ረዳቱ ይጮሃል፤ አባት ደግሞ የፈረሱን አንገት እያሻሹ ያባብሉታል።

ፈረሱ ከተረጋጋ በኋላ ጠጋ ብዬ፣ አባባ ለምን በላይኛው በእግር መንገድ አይሄዱም አልኳቸው። መንገዱ አባታቸውም አያታቸውም ሲመላለሱበት የኖሩበት እንደነበረ፣ ኮረብታው ተከልሎ ደን ከሆነ ወዲህ ግን ጥበቃው ሰውን እንጂ ፈረስን እንደማያሳልፍ ነገሩኝ። በእግራቸው ብቻቸውን ቢሆኑ የሚከለክላቸው የለም። ፈረሱን ከያዙ ግን ከብት ወደ ክልክል አስገቡ ተብለው ይቀጣሉ። ሰው ሲሆን አለፈ ይባላል፤ ፈረስ ሲሆን ገባ ይባላል።

ሕግ ያጠናሁ ነኝና ይህች በማለፍና በመግባት መካከል ያለች ልዩነት እስከ ደሴ ድረስ አብራኝ ተጓዘች። ደሴ ገብቼ የአይጠየፍን ኮረብታ ቀና ብዬ ሳይ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ይህችን ከተማ መናገሻቸው ያደረጉት ሰው ዝናቸው በፈረሰኛ ጦራቸው ነበር። በእርሳቸው ዘመን በወሎ ምድር ለፈረሰኛ የሚዘጋ መንገድ ቢኖር በጣም ጥቂት ነው። ታዲያ በመቶ ዓመት ውስጥ ፈረሰኛው ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ? ይህን ለመመለስ የንጉሥ ሚካኤልን ሕይወት ከፈረስና ከሜዳ አንፃር መለስ ብሎ ማየት የሚጠቅም መሰለኝ።

መሐመድ አሊ

የኋላው ንጉሥ ሚካኤል በ1843 ዓ.ም. አካባቢ ሲወለዱ ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ሊበን የወረ ሂመኖ ገዢ ቤት ሰው ነበሩ። ወረ ሂመኖ መቅደላንና ተንታን የያዘው፣ ገደሉና ሜዳው የተፈራረቀበት ደጋ ነው። በዚያ አገር ገዢ ማለት ፈረሰኛ የሚያሰልፍ ማለት ነበር። ፈረሰኛ ለማሰልፍ ደግሞ ፈረስ ብቻ አይበቃም፤ ሣር ያስፈልጋል፣ ውሃ ያስፈልጋል፣ ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው መሻገሪያ ያስፈልጋል።

ልጅነታቸው ያለፈው በመከራ ዘመን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ወሎን ለማስገበር ደጋግመው የዘመቱበት፣ የወሎ መኳንንትም እርስ በርስ የተሻሙበት ጊዜ ነበር። የመሐመድ አሊ ተቀናቃኝ አባ ዋጠው ነበሩ። የሁለቱ ፉክክር ለዓመታት ወሎን ለሁለት ከፍሏል።

ከዚያ ዘመን አንድ ታሪክ ለዛሬው ጉዳዬ ስለሚሆን ላንሣው። በ1857 ዓ.ም. የሸዋው ወጣት ምኒልክ ከመቅደላ እስር አምልጠው ወደ አገራቸው ለመግባት የወሎን ምድር ማቋረጥ ነበረባቸው። ማሳለፍም መከልከልም በወይዘሮ ወርቂት እጅ ነበር። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ግን በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነው። ወይዘሮዋ ምኒልክን አሳለፉ። አፄ ቴዎድሮስም ልጃቸውን አስገደሉት። በእኛ ታሪክ መተላለፊያ መስጠት ቀላል ነገር እንዳልነበረ፣ መንገድ የሚሰጥ ሰው ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም። ያን መተላለፊያ ያገኙት ሰው ከዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትና የመሐመድ አሊ አማት ለመሆን በቅተዋል።

ቦሩ ሜዳ

ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። ሜዳ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው። ጉባኤ ሲባል አዳራሽ የሚታየው አንባቢ ካለ ይታረም። ንጉሠ ነገሥቱ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ መኳንንቱና ካህናቱ ከነጭፍራቸው፣ ከነፈረሳቸውና ከነበቅሏቸው የሚሰፍሩበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለውን ሕዝብ የሚችለው ሣርና ውሃ ያለው ሰፊ የወል መስክ ብቻ ነው።

የቦሩ ሜዳ ውሳኔ ለወሎ ሙስሊም ከባድ ነበር። መሐመድ አሊና አባ ዋጠው ክርስትና ተነሡ። መሐመድ አሊን ክርስትና ያነሡት አፄ ዮሐንስ ሲሆኑ ስማቸው ሚካኤል ተባለ፤ የራስነት ማዕረግም አገኙ። አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተብለው የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ሆኑ። መኳንንቱ በአንድ ቀን የወሰኑትን ሕዝቡ እንዲቀበል መገደዱ ግን ብዙ ደም አፍስሷል። ሼህ ጦልሐ ጃዕፈርን የመሳሰሉ የሃይማኖት አባቶች እምቢ ብለው ሕዝቡን አስተባበሩ። ራስ ሚካኤል በዚህ ጊዜ የቆሙት ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ነው። የእርሳቸውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም። በወሎ እስከ ዛሬ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤት፣ በአንድ እድር የሚኖሩ መሆናቸው የዚያን ዘመን ግፍ የሚሽር ሳይሆን ሕዝቡ ከገዢዎቹ የተሻለ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ደሴ የተቆረቆረችውም በዚሁ ዘመን ነው። አፄ ዮሐንስ በጦሳ ተራራ ሥር ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታይቶ እንደተደሰቱና ቦታውን ደሴ እንዳሉት ይነገራል። ከተማ ያደረጓት፣ ቤተ መንግሥት የሠሩባትና ቤተ ክርስቲያን የተከሉባት ግን ራስ ሚካኤል ናቸው። በ1907 ዓ.ም. ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ስሙ ራሱ ይናገራል። ድኻ ሀብታም ሳይባል ሁሉም የሚገባበት፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው።

ዓድዋ

አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ራስ ሚካኤል ለአፄ ምኒልክ አደሩ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። ልጅ ኢያሱ በጥር 1887 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያው በመተማው ዓመት እዚያው ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል ጦሱ ጦርነት ወለደና የወሎ ፈረሰኛ ወደ ሰሜን ዘመተ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ምን እንደሠሩ የጣሊያን ጸሐፊዎች ሳይቀሩ መስክረዋል። የጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ከዋናው ጦር ተነጥሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ገባ። እዚያ ውስጥ የወሎ ፈረሰኛ ደረሰበት። ዳቦርሚዳም ከአብዛኛው ጦራቸው ጋር እዚያው ቀሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብለን እንድናስብ እፈልጋለሁ። ከደሴ እስከ ዓድዋ የሄደው ያ ሁሉ ፈረስ በመንገዱ ላይ የማንን ሣር በላ? መልሱ የገበሬውን ነው። በዚያ ዘመን ጦር ሲንቀሳቀስ ስንቁ ካለቀ ከባላገሩ ይወስዳል። ወታደር ገበሬ ቤት ይመራል። ለበቅሎውና ለፈረሱ ሣር ማቅረብም የባላገሩ ግዴታ ነበር። ስለዚህ የፈረሰኛው ነፃ መንገድ ስንል ምሉዕ ታሪኩን እንናገር። ለጌታው ነፃ የነበረው መንገድ ለገበሬው ዕዳ ነበር። መብት ሳይሆን ሥልጣን ነበር ቢባል ይሻላል። መብት የሚባለው ደካማውም ሊጠይቀው የሚችል ሲሆን ነው።

ይህም ሆኖ ከጌቶቹ ሥልጣን ሥር የገበሬው የራሱ ልማድ ነበረ። አዝመራ ከተነሣ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ክፍት ይሆናል። የወል መስክ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ወቅት በሽማግሌ ይወሰናል። ወደ ውሃ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ መቃብር የሚወስድ መንገድ አይታረስም። በመንዝ የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. ሲጠበቅ የኖረው በዚህ ዓይነት ልማድ ነው። ጌቶች አልፈው ይሄዳሉ፤ የሐረጎው አባባ አያት ግን በዚያ መንገድ የሚመላለሱት በዚህ ልማድ ነበር።

ቶራ መስክና ሰገሌ

የአባ ሻንቆ ዕድል ከፍ ያለው በልጃቸው ነው። አባ ሻንቆ የፈረስ ስማቸው ነበር። በዚያ ዘመን ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተባሉ። አፄ ምኒልክ ካረፉ በኋላ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዘውድ ያልጫነ ልጅ አባቱን ማንገሡ በሕግ ሰው ዓይን ሲታይ የሚያስገርም ነው። ግን ሆነ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘውድ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም ወደቁ። ፈረሰኛ ድል ካደረገ በኋላ መገስገስ ነው ሙያው። ንጉሥ ሚካኤል ግን ቆሙ። የሸዋው የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ መላ፣ በወዳጅነት ደብዳቤ እንዳዘገዩዋቸው የታሪክ ጸሐፍት ይጽፋሉ። በስምንተኛው ቀን፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ሜዳ ላይ ሸዋ ሙሉ ጦሩን አሰልፎ ጠበቃቸው።

ሰገሌ በአገራችን ታሪክ ብዙ ደም ከፈሰሰባቸው የእርስ በርስ ጦርነቶች አንዱ ነው። በሁለቱም ወገን የሞተው ሰው በሺዎች ይቆጠራል። ከሃያ ዓመት በፊት ዓድዋ ላይ አብረው የተሰለፉ ሰዎችና የእነርሱ ልጆች ተገዳደሉ። ዓድዋ ላይ የፈረስ ግልቢያ የወሰነው ነገር ሰገሌ ላይ በመትረየስና በጠመንጃ ተወሰነ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። በሰንሰለት ታስረው፣ የምሕረት ድንጋይ ተሸክመው በአዲስ አበባ በአዲሲቱ ንግሥት በዘውዲቱ ፊት እንዲያልፉ ተደረገ። ዘመናቸውን ሙሉ በፈረስ ያለፉ ሰው በስተርጅና በእግራቸው ድንጋይ ተሸክመው አለፉ። ከዚያ በኋላ በሐይቅ ውስጥ በሚገኝ ደሴት፣ ቀጥሎም ሆለታ ታስረው ቆይተው በ1910 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እዚያው ሆለታ አረፉ።

ዘራቸው ግን ከቤተ መንግሥት አልራቀም። የልጃቸው የወይዘሮ ስህን ልጅ እቴጌ መነን ናቸው። በደሴ ስንትና ስንት ምሁር ያፈራው ትምህርት ቤት የሚጠራውም በወይዘሮ ስህን ስም ነው።

ከጌታ ፈረስ ወደ ድኻ ፈረስ

ከሰገሌ በኋላ ፈረስ ቀስ በቀስ ከጌታው እጅ ወጣ። ጣሊያን የመኪና መንገድ ዘረጋ። መኳንንቱ መኪና ያዙ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የጌቶቹ መስክ ከእነ ጌትነቱ ቀረ። ዛሬ በደቡብ ወሎ ደጋ ፈረስ ያለው ማን ነው ቢባል መኪና የማይደርስበት ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው። እህል ገበያ የሚያወጣበት፣ ማዳበሪያ የሚያመጣበት፣ ምጥ የያዛትን ሴት መኪና እስካለበት የሚያደርስበት ፈረስ ነው። ጌታው ሲጋልብ የነበረው መብት ያልሆነው ነገር፣ መብት ሊሆን የሚገባው ፈረሱ ድኻ እጅ ከገባ በኋላ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፈረሱ ድኻ እጅ ሲገባ መንገዱ ተዘጋ።

ለምን ተዘጋ? ጥበቃውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ወሎ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ያየውን ረሃብ ያየ ሰው የተራቆተ ኮረብታ መከለሉን ሊቃወም አይችልም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ ኮረብታ ተከልሎ ችግኝ ተተክሎበታል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ብዙው ተጨፈጨፈ። የደኑ ጠባቂ ሌላ 1983 እንዳይመጣበት ይሠጋል። ክለላው ፍሬ አላፈራም ማለትም አይቻልም። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ ከተነሡት ጋር አስተያይተው ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ እንዳላገኙት ጽፈዋል። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የየጎፍን ደን ቀና ብሎ ያየ ሰው እንዲተርፍ እንጂ እንዲጠፋ አይመኝም።

ስለዚህ ጥያቄው ደን ወይስ ፈረስ አይደለም። ጥያቄው ማሰማራትና ማለፍ አንድ ናቸው ወይ የሚለው ነው። የ1999ኙ የደን አዋጅ ቁጥር 542 ያለ ፈቃድ በመንግሥት ደን ውስጥ የቤት እንስሳትን ማሰማራት ከልክሎ ነበር። እርሱን የተካው የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ማኅበረሰቡ የደን ባለይዞታ ሊሆን እንደሚችል አውቋል። ማሰማራት ማለት ፈረስን ለቆ ማስጋጥ ነው። ልጓም የያዘ፣ ጭነት የተጫነ፣ ባለቤቱ የሚስበው ፈረስ እየጋጠ ሳይሆን እየሄደ ነው። የክልከላ ሕግ ደግሞ በጠባቡ ይተረጎማል እንጂ አይለጠጥም፤ ይህ አንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የሚማረው ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ለመንገድ ባዳ አይደለም። በቁጥር 1359 የንብረት አገልግሎትን ሲያቋቁም አንዱ መሬት ለሌላው ጥቅም ሲባል ሸክም ሊሸከም እንደሚችል ይደነግጋል። ያ ሕግ የተጻፈው ግን መሬት የግል በነበረበት ዘመን፣ ለባለ መሬትና ለባለ መሬት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የገጠር መሬት ሕጎቻችን፣ የ1997ቱ አዋጅ 456ም ሆነ የተካው የ2016ቱ አዋጅ 1324፣ የወል ይዞታን ያውቃሉ። የወል ይዞታ ሲመዘገብ ግን ዓይናችን የሚያርፈው በስፋቱ ላይ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው መንገድ ይረሳል። ካርታ ላይ ያልሰፈረ መንገድ ደግሞ ክለላ ሲመጣ ተከራካሪ የለውም።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። እንግሊዞች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 ያወጡት ሕግ በክፍት ምድርና በወል መሬት ላይ የመዘዋወርን መብት ሲሰጥ ለእግረኛ ብቻ ነው የሰጠው። ፈረሰኛው በተመዘገቡ የፈረስ መንገዶች ተወስኖ ቀረ። ጎረቤታቸው ስኮትላንድ ግን በ2003 ባወጣችው ሕግ ኃላፊነት እስከተሰማው ድረስ ፈረሰኛውንም ከእግረኛው ጋር እኩል አሳለፈችው። እዚያ ክርክሩ በአመዛኙ ስለ መዝናኛ ነው። እኛ ዘንድ ስለ እንጀራ ነው።

በአገራችንም ፈረሰኛ ተደራጅቶ የተከበረበት ቦታ አለ። በአዊ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሜዳ ሞልቶ ሲወጣ ባለ ሥልጣኑ ሁሉ በእንግድነት ይታደማል። መልካም ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን በፈረስ ጉግስ የሚያጨበጭብ መንግሥት በቀሩት ቀናት ፈረሱ በየት በኩል ወደ ገበያ እንደሚሄድም ሊያስብ ይገባዋል።

ምን ይደረግ ለሚል አንባቢ መልሴ አጭር ነው። የክልሉ የመሬትና የደን መሥሪያ ቤቶች ማለፍን ከማሰማራት የሚለይ ግልጽ መመሪያ ያውጡ። ኮረብታ ከመከለሉ በፊት ሽማግሌዎች ተጠይቀው ነባሩ የፈረስ መንገድ በወል ይዞታው ካርታ ላይ ይስፈር። ፈረስ የለቀቀ ይቀጣ፤ ፈረስ የሳበ ይለፍ። አስፋልት ሲሠራም ከዳር ለኮቴ የሚሆን አፈር መንገድ ይተው። ይህ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፤ ማስተዋልን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ንጉሥ ሚካኤልን እንደ ቅዱስ ለማቅረብ አልተነሣሁም። ለሕዝባቸው ጥሩም ክፉም ሠርተዋል። አዳራሻቸውን አይጠየፍ ያሉበትን ምክንያት ግን ደሴ በሄድኩ ቁጥር አስበዋለሁ። በዚያ አዳራሽ ከጌታው ጋር የገባው ድኻ ቢያንስ ለዚያች ቀን በሩ አልተዘጋበትም። የሐረጎው አባት ግብር አልለመኑም። የለመኑት አያታቸው በሄዱበት መንገድ፣ የፈረሳቸውን ልጓም ይዘው፣ ሣር ሳያስነኩ ገበያ መድረስ ነው። እኔ ወደ መኪናዬ ስመለስ እርሳቸው አሁንም የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ነበር። ከኋላቸው ጡሩምባው አላቆመም።